የዜና መሰብሰቢያ አመራረጥ፤ ከካርቱም የተገኘ ትምህርት

መምህር ከመማሪያ መጽሐፍ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ወቅታዊ መረጃ ነው። የጂኦግራፊውም፣ የታሪኩም፣ የሳይንሱም መምህር በክፍል ውስጥ ለሚነሣበት ጥያቄ መልስ የሚያዘጋጀው በየዕለቱ ከሚያነበው ነው። ይሁን እንጂ በየድረ ገጹ እየዞሩ «አዲስ ነገር አለ ወይ?» እያሉ መጠየቅ ጊዜን ይጨርሳል። ከዚህም የተነሣ የልዩ ልዩ ድረ ገጾችን ዜና በአንድ ቦታ የሚያከማች መሰብሰቢያ በግል ሰርቨር ላይ ተክሎ፣ በጠረጴዛ ኮምፒዩተርም ሆነ በእጅ ስልክ ስለ ማንበብ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልናል። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሰብሳቢው የት ይቀመጥ?» የሚለው ነው። ለዚህ ዋና ምስክራችን የጎረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳስባለን።

1. የነገሩ አሠራር

አንድ ድረ ገጽ አዲስ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር፣ ለሰው ዓይን ከሚታየው ገጽ ሌላ ኮምፒዩተር የሚያነበው ዝርዝር ያዘጋጃል። በዝርዝሩ ውስጥ የጽሑፉ ርእስ፣ የወጣበት ቀን፣ አድራሻውና አጭር መግለጫው፣ አንዳንድ ጊዜም ሙሉው ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ዝርዝር መጋቢ ይባላል። በጣም የታወቀው የመጋቢ ዓይነት አር ኤስ ኤስ ሲሆን፣ መጀመሪያ የወጣው በ1999 ኔትስኬፕ ከተባለው ኩባንያ ነበር።

መጋቢዎቹን በየሰዓቱ እየተመላለሰ የሚጎበኝና አዲሱን ከአሮጌው ለይቶ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሰብሳቢ ይባላል። እኛ ዓይናችንን ጥለን የምናነብበት ደግሞ ማንበቢያ ነው። ሁለቱ በአንድ ስልክ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ተለያይተው ሰብሳቢው በሰርቨር ላይ፣ ማንበቢያው በስልክና በኮምፒዩተር ላይ ሊሆኑም ይችላሉ። ሲለያዩ ሰብሳቢው የፖስታ ሣጥንን ይመስላል። ባለ ሣጥኑ ለወራት ከከተማ ቢርቅ ደብዳቤው አይጠፋበትም፤ በተመለሰ ጊዜ ሣጥኑን ከፍቶ ይወስደዋል።

«ታዲያ ሣጥኑን ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቢይዙልን ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ጉግል በ2005 የከፈተውን ጉግል ሪደር የተባለ ታዋቂ ሰብሳቢ በጁላይ 1 ቀን 2013 ዘግቶታል። ተጠቃሚዎቹ አስቀድሞ ስለተነገራቸው የመጋቢዎቻቸውን ዝርዝር ይዘው ወደ ሌላ ለመዛወር ችለዋል፤ ሆኖም ሣጥኑ የራስ ካልሆነ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ባለንብረቱ መሆኑን ሁሉም ተረድቷል። የግል ሰርቨር ፍላጎት ከዚያ ወዲህ ይበልጥ የተጠናከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

2. የካርቱም ሁኔታ

በካርቱም መስመሩ ብዙ ጊዜ ተቆርጧል። በጁን 3 ቀን 2019 በጦር ሠራዊቱ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው የነበሩት ተቃዋሚዎች በኃይል ከተበተኑ በኋላ ኢንተርኔት ተቋርጦ እስከ ጁላይ 9 ቆየ። በዚያ ጊዜ አንድ ጠበቃ አቤቱታ አቅርቦ ፍርድ ቤቱ ቢፈርድለትም፣ መጀመሪያ የተከፈተው የእርሱ የራሱ መስመር ብቻ ነበር። በኦክቶበር 25 ቀን 2021 የመንግሥት ግልበጣ ሲካሄድ ኢንተርኔት እንደገና ተዘግቶ የተመለሰው በኖቬምበር 18 ነው። ጦርነቱ በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከተነሣ በኋላ ደግሞ ችግሩ የባሰ ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ የአገሪቱ ዋና ዋና የስልክ መስመሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ተቋረጡ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ከዘመዱ ጋር የሚገናኘው በሰዓት እየከፈለ በሳተላይት መስመር ነበር።

እኛን መምህራንን በቀጥታ የሚመለከትም አለ። በ2020፣ በ2021 እና በ2022 የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በሚሰጥባቸው ቀናት፣ ፈተና እንዳይሰረቅ በሚል ምክንያት ኢንተርኔት ጠዋት ጠዋት ለተወሰኑ ሰዓታት ይዘጋ ነበር። ይህ ለኢትዮጵያ መምህር እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችንም በ2016 ፈተና ወጥቶ ከተሰረዘ በኋላ፣ በ2017 በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደነበር እናስታውሳለን። በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ የስልክ ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡም የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው።

በካርቱም፣ በተለይም ደይም በሚባለው ሠፈር፣ ከጦርነቱ በፊት ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። ለእነዚህ ወገኖች ዜና ማለት የጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም። የትኛው መንገድ ክፍት ነው፣ የመተማ ኬላ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል፣ በአገር ቤት ምን ተፈጠረ የሚሉት ሁሉ የሕይወት ጉዳዮች ነበሩ።

3. መስመር ሲቆረጥ ምን ይጠፋል?

ብዙዎች «መስመሩ ሲመለስ ሁሉንም አነበዋለሁ» ብለው ያስባሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መጋቢ መዝገብ ቤት ሳይሆን እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ አዲስ ወረቀት ሲለጠፍ አሮጌው ይነሣል። ለምሳሌ ዎርድፕሬስ በተባለው ፕሮግራም የተሠሩ ድረ ገጾች፣ ባለቤቱ ካልለወጠው በቀር፣ በመጋቢያቸው የሚያስቀምጡት የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ድረ ገጽ በቀን 5 ጽሑፍ ያወጣል እንበል። መስመሩ 25 ቀን ቢቋረጥ፣ 5 በ25 ሲባዛ 125 ጽሑፎች ይወጣሉ ማለት ነው። ሰብሳቢው ካርቱም ውስጥ ከሆነና እንደ ባለቤቱ ከመስመር ውጪ ሆኖ ከቆየ፣ መስመሩ ሲመለስ የሚያገኘው 10 ብቻ ነው። የቀሩት 115 ጽሑፎች ምናልባት በድረ ገጹ ላይ ይኖሩ ይሆናል፤ ነገር ግን መኖራቸውን የሚነግረን የለም። ሰብሳቢው መስመሩ ባልተቆረጠበት አገር ከሆነ ግን 125ቱንም በየሰዓቱ እየለቀመ ያቆያል። የመምረጫው ዋና ሚዛን ይህ ስሌት ነው።

4. ሰብሳቢው የት ይቀመጥ?

ሀ/ በስልኩ ውስጥ። ፊደር የተባለው የአንድሮይድ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰርቨር አያስፈልገውም፤ ወጪም የለውም፤ ሙሉውን ጽሑፍ አስቀድሞ አውርዶ ያለ መስመር ያስነብባል። መስመሩ ለሰዓታት ብቻ ለሚቆረጥበት ሰው፣ ለምሳሌ እንደ ፈተናው ሰሞን፣ ይህ ይበቃል። ለረጅም መቋረጥ ግን ከላይ ያየነው ጉድለት አለበት። ስልኩ ከጠፋም ሁሉም አብሮ ይጠፋል።

ለ/ በቤት ወይም በትምህርት ቤት። ራስፕቤሪ ፓይን የመሰለ ትንሽ ኮምፒዩተር ከ10 ዋት በታች በሆነ ኃይል ሌት ተቀን ሊሠራ ይችላል። ንብረቱ በእጃችን መሆኑ መልካም ነው። ሆኖም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ የከተማው መስመር ሲቆረጥም አብሮን ይቆረጣል። ከቤት ውጪ ሆነን በስልክ ለመግባትም ተጨማሪ ዝግጅት ይጠይቃል።

ሐ/ በሌላ አገር በሚገኝ የኪራይ ሰርቨር። ከካርቱም ሁኔታ ጋር የሚስማማው ይህ ነው። ችግሩ ክፍያ ነው። ሱዳን ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር የነበረች ከመሆኗ የተነሣ፣ በአገሪቱ ባንክ ካርድ ለውጭ ኩባንያ መክፈል አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። ለእኛም ቢሆን የውጭ ምንዛሪ ነገር የታወቀ ነው።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነን የራሳችን ልማድ ይመስለናል። ሰብሳቢ ለብቻ የሚያዝ ዕቃ አይደለም፤ አንድ ሰርቨር በየስማቸውና በየምስጢር ቃላቸው የሚገቡ ብዙ አንባቢዎችን ያስተናግዳል። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ አንድ ወንድም ወይም እኅት ሰርቨሩን በስሙ ተከራይቶ፣ ዐሥር ሃያ ሰው እንደ ዕድር መዋጮውን ቢካፈል፣ ለአንዱ የሚደርሰው ወጪ በጣም ትንሽ ይሆናል። ዕድርተኛው ግን ዳኛውን ማመን አለበት፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ሌላው የሚያነበውን ዝርዝር ማየት ይችላልና።

5. ስለ ፕሮግራሞቹ

ቦታው ከተወሰነ በኋላ የፕሮግራሙ ምርጫ ቀላል ነው። በነፃ ከሚገኙት መካከል ሁለቱን እንጠቅሳለን።

ፍሬሽ አር ኤስ ኤስ በፒ ኤች ፒ የተጻፈ ስለሆነ በርካሹ የድረ ገጽ ኪራይ ላይ እንኳ ሊተከል ይችላል። የመረጃ ማከማቻ ለብቻው ማቋቋም ሳያስፈልገው ኤስ ኪው ኤል ላይት በተባለው ቀላል ማከማቻ ይሠራል። ልዩ ልዩ የስልክ ማንበቢያዎችም ይቀበሉታል። ለጀማሪና ለማኅበር የምንመክረው ይህንን ነው።

ሚኒፍለክስ ገጹ ጌጥ የሌለው፣ ለደካማ መስመር የሚስማማ፣ ፈጣን ፕሮግራም ነው። ነገር ግን ፖስትግሬስ የተባለውን የመረጃ ማከማቻ የግድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰርቨር ማስተዳደር ለለመደ ሰው ይሻላል።

ለማንበቢያ በአንድሮይድ ስልክ ሪድሮፕስን፣ በአይፎንና በማክ ኔትኒውስዋየርን፣ በዊንዶውስና በሊነክስ ኮምፒዩተር አር ኤስ ኤስ ጋርድን መጠቀም ይቻላል። ሦስቱም ከፍሬሽ አር ኤስ ኤስ ጋር ይግባባሉ። በስልክ የተነበበው በኮምፒዩተሩም ላይ እንደተነበበ ይታያል።

6. ከመወሰናችን በፊት የምንፈትናቸው ነጥቦች

አንደኛ፣ ስልኩን ከመስመር አውጥተን ጽሑፍ ለመክፈት እንሞክር። ርእሱ ብቻ ታይቶ ጽሑፉ ካልተከፈተ መሣሪያው ለክፉ ቀን አይሆንም። ብዙ መጋቢዎች የሚልኩት አጭር መግለጫ ብቻ ስለሆነ፣ ሰብሳቢው ሙሉውን ጽሑፍ ከድረ ገጹ እንዲያመጣ መታዘዝ አለበት። ሁለቱም ፕሮግራሞች ይህን ማድረግ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ የመጋቢዎቹን ዝርዝር ኦ ፒ ኤም ኤል በሚባለው ዓይነት አውጥተን በሌላ ቦታ እናስቀምጥ። ይህ ትንሽ ፋይል ወደ ሌላ ሰብሳቢ ለመዛወር የሚያገለግል የጉዞ ስንቅ ነው።

ሦስተኛ፣ የአማርኛ ፍለጋውን እንፈትን። ኮምፒዩተር «ካርቱም» እና «ኻርቱም»ን፣ «ዓለም» እና «አለም»ን እንደ ተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው። ስለዚህ አንድን ነገር ስንፈልግ በሁሉም አጻጻፍ መሞከር ይገባናል። ይህ ለቋንቋ መምህራን ስለ ሞክሼ ፊደላት ለማስተማር መልካም ምሳሌ ይሆናል።

አራተኛና ዋናው፣ የደኅንነት ጉዳይ ነው። በሱዳን ጦርነት ወቅት በኬላዎች ላይ የመንገደኞች ስልክ ይፈተሽ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። አንድ ሰው የሚያነበው ዜና የየትኛው ወገን ደጋፊ እንደሆነ ማስረጃ ተደርጎ ሊቆጠርበት ይችላል። ክምችቱ በሰርቨር ላይ ከሆነ ግን፣ መንገደኛው ማንበቢያውን ከስልኩ አጥፍቶ መጓዝና በደኅና ቦታ ሲደርስ እንደገና መትከል ይችላል፤ አንድም ጽሑፍ አይጎድልበትም። በስልኩ ብቻ ያከማቸ ሰው ይህ ዕድል የለውም። የምስጢር ቃሉም በስልኩ ሳይሆን በአእምሮ መያዝ ይኖርበታል።

7. ማጠቃለያ

ሰብሳቢ የተቆረጠን መስመር አይቀጥልም። መስመሩ ፈጽሞ በጠፋበት ቀን የሚያገለግለው እንደ ዱሮው ሬዲዮ ነው፤ ከ2008 ጀምሮ ለሱዳናውያን በአጭር ሞገድ ያሰራጭ የነበረው ዳባንጋ ሬዲዮ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የሰብሳቢው ጥቅም ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው። መስመሩ ለግማሽ ሰዓት ብቅ ባለ ጊዜ፣ ከተማውን ለቅቆ የወጣውም ሰው ገዳሪፍ ወይም ጎንደር በደረሰ ጊዜ፣ ያመለጠውን ሁሉ በቅደም ተከተል ያቀርብለታል። የሆነውንና ያልሆነውን ከወሬ ለመለየት የሚያስችለው ይህ ነው።

ስለዚህ ባልደረቦቻችን ፕሮግራም ከመምረጣቸው በፊት «የእኔ መስመር ሲቆረጥ ሰብሳቢዬ አብሮኝ ይቆረጣልን?» ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ እንመክራለን። መልሱ «አዎን» ከሆነ ሣጥኑን ከቤት አውጥቶ ሩቅ ላለ ለታመነ ሰው አደራ መስጠት ይበጃል። በየትምህርት ቤቱ የሚገኙ የሚኒ ሚዲያ ክበባትም በዚህ ሥራ ቢሳተፉ፣ ተማሪዎች አንድን ዜና ከአራትና ከአምስት ምንጭ እያመሳከሩ ማንበብን ከወዲሁ ይለምዳሉ።