ሞተሩ በእጥፍ ቢያድግ የጀልባዋ ፍጥነት ምን ያህል ይጨምራል?

በጣና ሐይቅ ላይ ተሳፋሪ የሚያመላልስ አንድ ባለ ጀልባ አለ እንበል። የጀልባዋ ርዝመት 6 ሜትር፣ ክብደቷ ከነተሳፋሪዎቿ 1,000 ኪሎ ግራም ነው። ከኋላዋ የተገጠመው ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያስኬዳታል። ባለቤቱ በዚህ ፍጥነት አልረካምና ገንዘብ አጠራቅሞ 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ለመግዛት ይነሣል። ጉልበቱ በእጥፍ ካደገ ፍጥነቱም በእጥፍ አድጎ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ስሌቱ ቀላልና አሳማኝ ይመስላል፤ ውኃ ግን በዚህ ስሌት አይገዛም።

ለምን እንደማይገዛ ማወቁ ለፊዚክስ ተማሪ ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት አይደለም። ለሞተር የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ በየጉዞው የሚቃጠለው ነዳጅም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ግን በጀልባዋ ውስጥ የሚቀመጡት፣ በአጠገቧም በታንኳ የሚያልፉት ሰዎች ሕይወት አለ።

አቅም፣ ተቃውሞና ፍጥነት

የአንድ ሞተር የፈረስ ጉልበት ማለት ሞተሩ በእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚሠራው ሥራ መጠን፣ በፊዚክስ አጠራር አቅሙ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ይሆናል። ጀልባ በማይለዋወጥ ፍጥነት ስትጓዝ የሚያስፈልጋት አቅም የሚገኘው የውኃው ተቃውሞ በፍጥነቷ ሲባዛ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተቃውሞው ራሱ ባለበት አይቆምም፤ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። ጭማሪውም በብዙ ሁኔታዎች ውስጥ የፍጥነቱን ካሬ ይከተላል። ስለዚህ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። አራት እጥፉ ተቃውሞ በእጥፉ ፍጥነት ሲባዛ ደግሞ የሚፈለገው አቅም ስምንት እጥፍ ይደርሳል። በዚህ ሕግ መሠረት የባለ ጀልባችን ምኞት የሚጠይቀው 80 ሳይሆን 320 የፈረስ ጉልበት ነው። በእጥፍ ያደገው ሞተር የሚያስገኘው ፍጥነትም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል።

ደግነቱ ፈጣን ጀልባዎች ከዚህ ትንሽ የተሻለ ዕድል አላቸው። ፍጥነታቸው ሲጨምር ከውኃው ከፍ ስለሚሉ በውኃ የሚነካው የአካላቸው ክፍል ይቀንሳል። ለእንዲህ ያሉ ጀልባዎች አሜሪካዊው የጀልባ ንድፍ መሐንዲስ ጆርጅ ክራውች የተጠቀመበትና እስከ ዛሬ የሚሠራበት ቀላል ግምት አለ። ይኸውም ፍጥነት የሚያድገው አቅም ለክብደት ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ነው የሚል ነው። በዚህ ግምት አቅም እጥፍ ሲሆን ፍጥነት 1.41 ጊዜ ያድጋል፤ ማለትም ከ40 ወደ 57 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይሁን እንጂ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ዘመናዊ ሞተር ወደ 100 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ እጥፉ ወደ 165 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ጭማሪ ክብደት ሲታሰብ ፍጥነቱ ወደ 55 ይወርዳል። እንግዲህ መቶ በመቶ በጨመረ ጉልበት የተገኘው 37 ከመቶ ያህል ፍጥነት ነው።

ነዳጁንም እናስላ። በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል፤ እጥፉ ደግሞ 30 ሊትር ገደማ። በኪሎ ሜትር ሲታሰብ የመጀመሪያው 0.38፣ ሁለተኛው 0.55 ሊትር ያህል ይሆናል። በ60 ሊትር ቤንዚን 160 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው ጀልባ አሁን 110 ኪሎ ሜትር ላይ ነዳጇን ትጨርሳለች።

ጀልባ በራሷ ማዕበል ስትታሰር

ከላይ የተጠቀሰው ግምት የሚሠራው ጀልባዋ በውኃው ላይ መንሸራተት ከጀመረች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ልታልፈው የሚገባ ዳገት አለ። ይህን ዳገት በሚገባ ያጠናው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ (እ.ኤ.አ. 1810–1879) ነበር። ፍሩድ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በቶርኪ ከተማ ረጅም የውኃ ገንዳ አሠርቶ የመርከብ ሞዴሎችን በመጎተት የሚገጥማቸውን ተቃውሞ ለካ።

በውኃ ላይ የሚጓዝ አካል ማዕበል ይፈጥራል። የማዕበል ፍጥነት ደግሞ በርዝመቱ፣ ማለትም በሁለት ተከታታይ ጫፎቹ መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል፤ የረዘመው ማዕበል ይፈጥናል። የ6 ሜትር ርዝመት ያለው ማዕበል በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የ6 ሜትር ጀልባም በዚህ ፍጥነት ስትሄድ አንዱ የማዕበል ጫፍ ከአፍንጫዋ፣ ሌላው ከጀርባዋ ሥር ይሆናል። ከዚህ በላይ ለመፍጠን ስትሞክር የኋላው ጫፍ ወደኋላ ይቀርና ጀርባዋ በጎድጓዳው ውስጥ ይሰምጣል፤ አፍንጫዋ ግን ወደ ላይ ያቀናል። በዚህ ጊዜ የራሷን ማዕበል እንደ ዳገት እየወጣች ነው። ሆዷ ክብና ከባድ ለሆነ ጀልባ ይህ ሊታለፍ የማይችል ያህል ነው፤ የተጨመረላት ጉልበት ሁሉ ትልቅ ማዕበል በመሥራት ያልቃል። ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነ ቀላል ጀልባ ግን በቂ ጉልበት ካገኘች ዳገቱን አልፋ፣ ልጆች በኩሬ ላይ እንደሚወረውሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ በውኃው ገጽ ላይ ትንሸራተታለች።

ትልቅ ሞተር በእርግጥ ዋጋውን የሚያወጣውም በዚህ ቦታ ነው። ጀልባዋ ጭነት ስትይዝ አፍንጫዋን እንደ ቀሰረች የምትቀር፣ ከኋላዋም ከፍተኛ ማዕበል እየጎተተች ከዳገቱ ጫፍ የማትሻገር ከሆነ፣ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ሲጨመርላት ለውጡ ከፍተኛ ይሆናል። ዳገቱን አስቀድማ ላለፈች ጀልባ ግን የሚጨመረው ጉልበት ትርፉ እያነሰ የሚሄድ ነው።

የተርቢኒያ ትምህርት

የሞተር ጉልበት ብቻውን ፍጥነት እንደማይሆን ከሚያሳዩ ታሪኮች ሁሉ የሚልቀው የተርቢኒያ ታሪክ ነው። ቻርልስ ፓርሰንስ የእንፋሎት ተርባይንን ለመርከብ ለማዋል እ.ኤ.አ. በ1894 ተርቢኒያ የተባለች ከ31 ሜትር በላይ ርዝመት ያላት ቀጭን መርከብ አሠራ። ሞተሯ በዘመኑ እጅግ ኃይለኛ ነበር። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ፍጥነቷ 20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። ፓርሰንስ ወዲያው ሌላ ትልቅ ሞተር አልፈለገም። ሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ ዘንግ የሚያስተላልፈውን ኃይል ለካ፤ ሞተሩም ሥራውን በሚገባ እየሠራ መሆኑን አረጋገጠ። ኃይሉ የሚጠፋው በፕሮፔለሩና በውኃው መካከል ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ማድ ቤት እንግባ። ባቄላ በአዲስ አበባ ከምጽዋ ይልቅ ለመብሰል የሚዘገየው የከተማዋ ከፍታ የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰውና ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ ነው። ግፊት ይበልጥ ሲወርድ ውኃ ቀዝቃዛም ሆኖ ይፈላል። በፍጥነት የሚሽከረከር የፕሮፔለር ምላስ በአንደኛው ገጹ ላይ ያለውን የውኃ ግፊት እስከዚህ ድረስ ያወርደዋል። ያኔ ውኃው በእንፋሎት አረፋ ይሞላል፤ ፕሮፔለሩም የሚገፋው ውኃ አጥቶ በአረፋ ውስጥ ይሽከረከራል። አረፋዎቹ ተመልሰው ሲፈነዱ ደግሞ ብረቱን ይቦረቡሩታል። ፓርሰንስ ይህን ክስተት በትንሽ ገንዳ ውስጥ ውኃ አሙቆና ግፊት ቀንሶ ተመለከተው። ከዚያም ኃይሉን በሦስት ተርባይኖችና በሦስት ዘንጎች ከፋፈለ፤ በየዘንጉም ሦስት ሦስት ፕሮፔለሮችን አስገጠመ። የተርቢኒያ ፍጥነትም ከ34 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ63 ኪሎ ሜትር አለፈ። በሰኔ ወር 1897 እ.ኤ.አ. በስፒትሄድ በንግሥት ቪክቶሪያ ኢዮቤልዩ የባሕር ኃይል ትርኢት ላይ ሳትጋበዝ ገብታ በጦር መርከቦቹ መካከል ስትከንፍ የባሕር ኃይሉ ጀልባዎች ሊይዟት አልቻሉም።

አየሩ ሲሳሳ

ወደ ጣና እንመለስ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 84 ከመቶ ያህል ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር ይዘት ባይለወጥም በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ በሞተሩ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ቢጻፍም ጣና ላይ የሚገኘው 33 ወይም 34 ያህል ነው።

እዚህ ላይ ሞተሩ ሳይሆን ፕሮፔለሩ ሊጠየቅ ይገባዋል። እያንዳንዱ ፕሮፔለር እርምጃ አለው፤ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ቡሎን ሳይንሸራተት ቢዞር በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት ማለት ነው። ለባሕር ጠለል የተመረጠ ረጅም እርምጃ ያለው ፕሮፔለር በጣና ላይ ለደከመው ሞተር ይከብደዋል፤ የእንጦጦን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ለመውጣት እንደሚታገል መኪና ይሆናል። ሞተሩ ሙሉ አቅሙን የሚሰጥበት የዙር ብዛት ላይ ስለማይደርስ በከፍታው ምክንያት ካጣው በላይ ያጣል። በተለምዶ የፕሮፔለሩ እርምጃ በ1 ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ፕሮፔለር የሚገዛው ደግሞ በሞተር ዋጋ ጥቂት ክፍልፋይ ነው። ክብደትም እንዲሁ ነው፤ አላስፈላጊ ጭነትና በጀልባዋ ሆድ የተጠራቀመ ውኃ ተወግዶ ክብደቷ በ10 ከመቶ ቢቀንስ ፍጥነቷ ያለ ምንም ተጨማሪ ነዳጅ በ5 ከመቶ ገደማ ያድጋል።

ፍጥነት የሚያስከትለው

ትልቁ ሞተር ከነሙሉ ክብደቱ በጀልባዋ ጀርባ ላይ ይንጠለጠላል። ጀርባዋ ዝቅ ሲል ማዕበል ከኋላ ሊገባ ይችላል፤ ሞተሩ የታሰረበት ግድግዳም ላልታሰበለት ኃይል ይጋለጣል። በዩናይትድ ስቴትስ ከ6 ሜትር ገደማ ላነሱ የሞተር ጀልባዎች ሠሪው የሚፈቀደውን ከፍተኛ የፈረስ ጉልበትና ጭነት በጀልባዋ ላይ በሰሌዳ እንዲለጥፍ በሕግ የሚገደደው በዚህ ምክንያት ነው። ፍጥነት ከ40 ወደ 55 ሲያድግ ጀልባዋ ከአንድ ነገር ጋር ብትጋጭ የምትለቀው ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ማዕበሉም የሌላውን ሰው ሕይወት ይነካል። ጀልባ ከፍተኛውን ማዕበል የምትፈጥረው ስትከንፍ ሳይሆን ከዳገቱ ሥር አፍንጫዋን ቀስራ በምትሄድበት በመካከለኛው ፍጥነት ነው። ስለዚህ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ላይ ሲታይ ፍጥነትን በግማሽ መቀነስ ሊጎዳው ይችላል፤ መደረግ ያለበት ከዳገቱ በታች እስከሚሆን ድረስ፣ ማዕበሉ እስኪተኛ መቀነስ ነው።

የአየሩም ነገር አለ። ብሪታንያዊው ዶናልድ ካምቤል ብሉበርድ በተባለችው ጀልባው እ.ኤ.አ. በ1964 በሰዓት 444 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ከ480 ኪሎ ሜትር ለማለፍ ሲል ጀልባዋን የበለጠ ኃይል ባለው የጄት ሞተር አስታጠቃት። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1967 በኮኒስተን ሐይቅ ላይ በመልስ ጉዞው አፍንጫዋ ከውኃው ተነሥቶ ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ካምቤልም ሞተ። አየር ጀልባን ወደ ላይ የሚያነሣበት ኃይል በፍጥነት ካሬ ያድጋል፤ ክብደቷ ግን ባለበት ነው። ሁለቱ በሚተካከሉበት ጊዜ ጀልባ ጀልባነቷ ያበቃል። እስከ ዛሬ ያልተሰበረውን የውኃ ላይ ክብረ ወሰን፣ በሰዓት 511 ኪሎ ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስመዘገበው አውስትራሊያዊው ኬን ዋርቢ ነው። እርሱ ከጦር አውሮፕላን የተረፈ አሮጌ የጄት ሞተር ገጠመ፤ የእንጨት ጀልባዋን ግን በራሱ ንድፍ በጓሮው ሠራት።

እንግዲህ ባለ ጀልባችን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ቢያነሣ ይበጀዋል። ጀልባዋ ከነጭነቷ ዳገቱን ታልፋለችን? ሞተሩ ሊደርስበት የሚገባው የዙር ብዛት ላይ ይደርሳልን? ፕሮፔለሩ ለጣና ከፍታ የተመረጠ ነውን? ሆዷ ንጹሕ፣ ጭነቷ ልክ ነውን? የጀርባዋ ግድግዳ ስንት የፈረስ ጉልበት ይችላል? እነዚህ ሁሉ ተመልሰው ሞተሩ አሁንም ካነሰ፣ ያን ጊዜ ትልቁን ይግዛ። የሚገዛው ግን 80 ኪሎ ሜትር ሳይሆን 55 ኪሎ ሜትር መሆኑን አውቆ ይግዛ።