ያውቁ ኖሯል? የማሻ ረግረግ ጥበቃ ከዳገቱ ይጀምራል

ማሻ የሚገኝበት የሸካ ደን ከነረግረጉና ከነወንዙ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ስፋቱ 238,750 ሄክታር ነው። ይህ ሁሉ ታጥሮ ሰው አይግባበት ማለት ግን አይደለም። በጥብቅ የሚጠበቀው እምብርቱ 55,255 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ያነሰ ነው። በዙሪያው ማርና ቅመም የሚሰበሰብበት ቀጣና አለ፤ ከዚያ ወዲያ መንደርና እርሻ ይከተላል።

ለረግረግ ይህ አከፋፈል ትልቅ ነገር ነው። ውሃው የሚመጣው ከላይ ካለው ደን ስለሆነ ጨፌውን ብቻ ከልሎ መቀመጥ ብዙም አይረባም። ዳገቱ ሲመነጠር ደለል ይወርዳል። ታች ደግሞ በቆሎ ለመዝራት ተብሎ የረግረጉ መሃል በቦይ ሲሰነጠቅ ውሃው ይሸሻል፤ ለቤት ክዳንና ለቡና ሥነ ሥርዓት የሚታጨደው ቄጠማ ይሳሳል፣ ቦታውን የግጦሽ ሣር ይወርሰዋል፣ በበጋ የሚቀዳው ምንጭም ይደክማል። መዘዙ ማሻ ላይ አያበቃም፤ የአካባቢው ውሃ ወደ ባሮ፣ ከዚያም በሶባት አድርጎ ወደ ነጭ ዓባይ ይወርዳልና።

የሸካ ሰው ደኑን መከለል የጀመረው ካርታ ከመምጣቱ በፊት ነው። «ኮቦ» በሚባለው ልማድ እያንዳንዱ የደን ክፍል ቀፎ የሚሰቅልበት የታወቀ ባለመብት አለው። የጎሳ መሪዎች የሚጠብቋቸው የአምልኮ ስፍራዎችም አይመነጠሩም። እንግዲህ ወሰን ሊያሰምር የሚመጣ ባለሙያ ጂፒኤሱን ከማብራቱ በፊት እነዚህን አባቶች ቢጠይቅ ግማሹን ሥራ ተሠርቶ ያገኘዋል ባይ ነኝ።