«የአየር ልጓም ዳሳሽ» ስለሚለው ስያሜ

«ነዳጅ መስጫ» በአሽከርካሪውም በመካኒኩም አፍ የኖረ ስም ስለሆነ ልንነቅለው አንቃጣም። ነገር ግን በቤንዚን ሞተር ፔዳሉ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር መግቢያው ክዳን ነው፤ በኢንጄክሽን ሞተር የነዳጁን ልክ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው። የክዳኑን አከፋፈት ለኮምፒዩተሩ የሚያስታውቀውን ዕቃ «የነዳጅ ሴንሰር» ማለት ጠጋኙን ወደ ነዳጅ ፓምፕ ያሳስተዋል። ስለዚህ ክዳኑን «የአየር ልጓም»፣ ዕቃውን «የአየር ልጓም ዳሳሽ» ብለነዋል። ልጓም ምን እንደሚገታና ምን እንደሚለቅ ለጎጃም አንባቢ ማስረዳት ትርፍ ነው።

የስያሜው ጥቅም ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ይታያል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ፣ ማለትም በ2,400 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም ይደክማል። ይህ ድካም ወጥ ነው። ፔዳሉ አንድ የተወሰነ ቦታ በደረሰ ቁጥር መኪናው የሚንገጫገጭ ከሆነ ግን ዳሳሹን መጠርጠር ይገባል።

በተለመደው ዓይነት ሦስት ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ ሁለተኛው መላሽ ነው፣ ሦስተኛው ምልክቱን ይወስዳል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ የምልክቱ ሽቦ በቮልት መለኪያ ይለካል። ልጓሙ በዝግታ ሲከፈት ንባቡ ከ0.5 አካባቢ ተነሥቶ እስከ 4.5 ገደማ ሳይቋረጥ ማደግ አለበት። በመካከል ድንገት ከወደቀ በዳሳሹ ውስጥ ያለው መንሸራተቻ ተበልቷል። ይህን መውደቅ «ግድፈት» ብለነዋል፤ ጸሐፊ ሲገለብጥ ለሚዘለው ፊደል ቀድሞም የነበረ ቃል ነው።