17፣ 18 ወይስ 19? የስፖርት ባሕርይ ላላት መኪና የቸርኬ መጠን አመራረጥ

በፋኩልቲው ሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ



የዛሬው ርእሴ ለእንዲህ ያለ መድረክ ቀለል ያለ ሊመስል ይችላል። አንድ ሰው የስፖርት ባሕርይ ያላትን መኪናውን ለማሻሻል ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚለውጠው ቸርኬውን ነው። ጥያቄውም ወዲያው ይከተላል፦ 17 ኢንች ይሁን፣ 18 ወይስ 19? መልሱን በብዛት የሚሰጠው ዐይን ነው። እኔ ግን ጥያቄው የመካኒክስ ጥያቄ መሆኑን፣ በአንደኛና በሁለተኛ ዓመት የተማራችሁት ትምህርትም ለመልሱ የሚበቃ መሆኑን ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ርእሱን የመረጥሁበት የግል ምክንያትም አለኝ። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ የ17 ኢንች ቸርኬዎቼን በ19 ኢንች ለውጬ ነበር። መኪናዋ ቆማ ስትታይ በእርግጥ አምራለች። ክረምት ገባ። በአንድ ዝናባማ ምሽት ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ስጓዝ የፊተኛው ቀኝ ጎማ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጎማው በጎኑ ተቀደደ፣ ቸርኬው ተጣመመ፣ መኪናዋም ወደ ቀኝ ተሳበች። የቆምሁት ከመንገዱ ዳር ታክሲ ከሚጠብቅ ሰው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። በማግስቱ ጎሚስታው ቸርኬውን እያገላበጠ፣ «ይኼ ጎማ እኮ ትራስ የለውም፣ ጋሼ» አለኝ። የዛሬው ንግግሬ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር በቁጥር የመተርጎም ሙከራ ነው።

ከምልክቱ እንጀምር። በጎማ ጎን ላይ 225/45 አር 17 የሚል ጽሑፍ ብናገኝ፣ 225 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 45 የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 45 በመቶ መሆኑን ይገልጻል፤ አር የውስጥ ክሮቹ ራዲያል አደራደር ምልክት ነው፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። እንግዲህ የጎኑ ከፍታ 101 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። 17 ኢንች 431.8 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ጎን ስንደምርበት የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር 634 ሚሊሜትር ይመጣል።

ለምሳሌ ያህል ሰባተኛውን ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ እንውሰድ። ይህች መኪና በ225/45 አር 17፣ በ225/40 አር 18 እና በ235/35 አር 19 ተገጥማ ትገኛለች። ጠቅላላ ዲያሜትራቸው በቅደም ተከተል 634፣ 637 እና 647 ሚሊሜትር ነው። የጎኑ ከፍታ ግን ከ101 ወደ 90፣ ከ90 ወደ 82 ሚሊሜትር ይወርዳል። ቸርኬው ያደገው በአብዛኛው ከጎማው ጎን ተቀንሶ ነው ማለት ነው።

ይህ ጉዞ ረጅም ታሪክ አለው። በ1976 ለሽያጭ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ጎልፍ ጂቲአይ 13 ኢንች ቸርኬ ላይ 175/70 ጎማ ታጠልቅ ነበር። የጎማው ጎን 122 ሚሊሜትር ያህል፣ ጠቅላላ ዲያሜትሩም 575 ሚሊሜትር ነበር። ከዚያች እስከ 19 ኢንቿ ድረስ ቸርኬው በ152 ሚሊሜትር ሲያድግ ጠቅላላው ጎማ ያደገው በ72 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የቀረውን 80 ሚሊሜትር የከፈለው ትራሱ ነው።

ታዲያ መሐንዲሶች ይህን ለምን አደረጉ? ለውበት ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ ትልቅ ቸርኬ ለትልቅ የፍሬን ዲስክ ቦታ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ አጭር ጎን ወደ ጎን ሲገፋ ብዙም አይተጣጠፍም፤ ስለዚህ መሪው ሲዞር መኪናዋ ትእዛዙን ፈጥና ትቀበላለች፤ በመታጠፊያም ላይ መሬት የሚነካው የጎማ ገጽ ቅርጹን ይጠብቃል። ይህ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ለስላሳ አስፋልት ላይ የነዳ ሁሉ ይሰማዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ሰፊ ጎማ መሬት የሚነካውን ስፋት በዚያው ልክ ያበዛል ይባላል። በአንድ ጎማ ላይ 350 ኪሎ ግራም ክብደት ቢያርፍና የአየሩ ግፊት 230 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ ኃይሉን ለግፊቱ ስናካፍል 149 ካሬ ሴንቲሜትር እናገኛለን። ይህ የአንድ ፖስትካርድ ያህል ቦታ ነው። የጎማው አካል ጥንካሬ ስሌቱን በመጠኑ ቢለውጠውም፣ ጎማው ሲሰፋ ይበልጥ የሚለወጠው የፖስትካርዱ ቅርጽ ነው፤ ወደ ጎን ይረዝማል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያጥራል። መያዝን በእጅጉ የሚወስነው የጎማው ላስቲክ ጥራት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንለፍ። ትልቅ ቸርኬ በአብዛኛው ይከብዳል። «በሚሽከረከር አካል ላይ የተጨመረ አንድ ኪሎ በመኪናዋ ላይ እንደተጨመሩ አሥር ኪሎዎች ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እስቲ እናስላው። ከቸርኬው ጠርዝ ላይ 2 ኪሎ ግራም ጨመርን እንበል። ይህ ክብደት ከመሐል ያለው ርቀት 241 ሚሊሜትር፣ የጎማው ራዲየስ ደግሞ 323 ሚሊሜትር ነው። የሁለቱ ንጽጽር በካሬ 0.55 ያህል ስለሆነ 2 ኪሎው ለፍጥነት ጭማሪ እንደ 3.1 ኪሎ ይቆጠራል። ክብደቱ መሬት በሚነካው ገጽ ላይ ቢሆን እንኳ ከእጥፍ አያልፍም። በአራቱም ጎማ 12.4 ኪሎ ይሆናል፤ 1400 ኪሎ ግራም ለምትመዝን መኪና ይህ ከ1 በመቶ በታች ነው። በአንጻሩ ዲያሜትሩ ከ634 ወደ 647 በማደጉ ብቻ መሬቱን የሚገፋው ኃይል በ2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሰው የሚያወራው ስለ ክብደቱ ነው፤ የባሰው ግን ዲያሜትሩ ነው።

ክብደቱ በእውነት የሚጎዳው በሌላ ቦታ ነው። ቸርኬ፣ ጎማና ፍሬን በሞላ የማይደገፉ ክብደቶች ናቸው። ጎማው እብጠት ሲመታ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ይህን ክብደት መልሰው ወደ መሬት መጫን አለባቸው። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ሥራው ይከብዳቸዋል፤ በኮረኮንች ላይ ጎማው ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ይላላል። ከመሬት የተለያየ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም የለውም።

ከሁሉ የሚከፋው የአየሩ ማነስ ነው። መኪናዋን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። አየሩ ሲያንስ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ግፊቱ ከፍ ማለት አለበት። በጎማው ላይ የሚጻፈው የጭነት ቁጥር 91 ሲሆን ጎማው 615 ኪሎ ግራም መሸከም ይችላል ማለት ነው። መደበኛው የ17 ኢንች ጎማ ይህን የሚሸከመው በ250 ኪሎ ፓስካል መመዘኛ ግፊት ነው። ተመሳሳይ ቁጥር ያለው፣ ለተጨማሪ ጭነት የተጠናከረ የ19 ኢንች ጎማ ግን መመዘኛው 290 ኪሎ ፓስካል ነው። እንግዲህ ወደ 19 የተሻገረ ሰው የቀድሞውን ግፊት ይዞ ከቀጠለ፣ ከቀጭን ትራስ ላይ አየር ቀንሶ ይነዳል ማለት ነው። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነበር። ጉድጓዱ የጎማውን ጎን በቸርኬው ጠርዝና በአስፋልቱ ስብራት መካከል እንደ መቀስ ቆረጠው። ጥፋቱ የጎማው አልነበረም፤ የመራጩ ነበር።

ከዚህ ተነሥተን አመራረጡን በቅደም ተከተል እናስቀምጥ።

በመጀመሪያ ጠቅላላ ዲያሜትሩ ከፋብሪካው መጠን ብዙ እንዳይርቅ እናሰላለን። ጎልፏ ላይ ስፋቱንና የጎን መቶኛውን ሳይቀይሩ 225/45 አር 19 ቢገጥሙ ዲያሜትሩ 685 ሚሊሜትር፣ ጭማሪውም 8 በመቶ ይሆናል። ቀድሞ በትክክል ይቆጥር የነበረ የፍጥነት መለኪያ 100 ሲያሳይ መኪናዋ በእውነቱ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ጎማውም ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል።

ቀጥሎ የጭነት ቁጥሩና የፍጥነት ፊደሉ አምራቹ ካዘዘው እንዳያንሱ እናያለን። ሦስተኛ፣ ቸርኬው ከመኪናዋ ጋር በትክክል እንዲገጥም እናረጋግጣለን። ለዚህች ጎልፍ አምስቱ ቡሎኖች በ112 ሚሊሜትር ክብ ላይ ይደረደራሉ፤ የመሐሉ ቀዳዳም 57.1 ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳው ከዚህ ከሰፋ ማእከል የሚያስጠብቅ ቀለበት ያስፈልጋል፤ አለዚያ መንቀጥቀጥ ይመጣል። አራተኛ፣ ከቸርኬው ስፋት መካከል እስከ ተገጣሚ ገጹ ያለውን ርቀት እንለካለን። ይህ ርቀት ከ50 ወደ 40 ሚሊሜትር ቢቀንስ ጎማው በ10 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ በመሪው ላይና በጎማው መሸከሚያ ኩሽኔታ ላይ ያለው ጫናም ይለወጣል። አምስተኛ፣ የቸርኬው የውስጥ ቅርጽ ከፍሬኑ ጋር እንዳይነካካ እንፈትናለን፤ ሁለት የ17 ኢንች ቸርኬዎች በስም እኩል ሆነው አንዱ ሊገባ፣ ሌላው ሊነካ ይችላልና። በመጨረሻም መኪናዋን ሰው ጭነን፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረን እናያለን።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? በለስላሳ አውራ ጎዳና ለሚነዳና የመሪውን ፈጣን ምላሽ ለሚሻ ሰው 18 ኢንች ሚዛናዊ ምርጫ ነው፤ ዲያሜትሩ ከ17ቱ በግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ይበልጣልና። እንደ አዲስ አበባ ባለ፣ ክረምት ጉድጓዱን በውሃ በሚሸፍንበት ከተማ ለሚኖር ግን ምክሬ 17 ኢንች ነው፤ ከትልቁ ቸርኬ የሚተርፈውም ገንዘብ ለተሻለ ጎማ ይዋል። 19 ኢንች ፍሬኑ ግድ ካላለ በቀር የዐይን ምርጫ ነው። ዐይን ድርሻ የለውም አልልም፤ ዋጋውን አውቆ ይክፈል እንጂ።

እኔም ወደ 17 ተመልሻለሁ። ልጄ ዛሬ መንጃ ፈቃድ አላት፤ መኪናዋንም አልፎ አልፎ ትወስዳለች። ቁልፉን ስሰጣት ቢያንስ ስለ ትራሱ አልሰጋም።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።