ተማሪ ተኮር ክፍል እንዴት ይውላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ከጠመንጃ ያዥ ወደ ልደታና ወደ ሜክሲኮ በሚያወጡት መንገዶች ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ይጣደፋል። ደወሉ፣ ሰልፉ፣ ባንዲራው፣ የሚኒ ሚዲያው ጩኸት፤ ከአጥር ውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው የዛሬው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወላጆች ከተማሩበት ብዙም አይለይም። ለውጡ ያለው ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ መምህሩ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላና ተማሪው ይገለብጥ ነበር። አሁን ትንሽ ካስረዳ በኋላ “በሉ፣ በየቡድናችሁ ሁኑ” ይላል።

ይህ የመምህሩ የግል ጠባይ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሽምደዳን ትቶ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው ሲያደርግ፣ ተማሪ ተኮር ዘዴና ተከታታይ ምዘና አብረው ገቡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ሥልጠናም በዚሁ መንፈስ እንደ አዲስ ተዋቀረ። ሐሳቡ በዓለም ላይ ቆየት ያለ ነው፤ አሜሪካዊው ጆን ዴዊ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች እየሠሩ የሚማሩበትን የሙከራ ትምህርት ቤት የከፈተው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ ግን ባዕድ ነው ማለት ይከብደኛል። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ አይመረቅም፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ጀማሪውንም የሚያግዘው ቀድሞት የገባው ተማሪ ነው። እዚሁ ሜክሲኮ አጠገብ ያለው የሙያ ማሠልጠኛ ተግባረ ዕድም ቢሆን ፖሊሲው ከመውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ልጆችን በመሣሪያ እያሠራ ያስተምር ነበር።

ወደ ክፍሉ እንግባ። የ9ኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው እንበል፤ ትምህርቱ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች። መቀመጫው ሦስት ልጅ የሚይዘው ኮምባይንድ ዴስክ ነው። ጠረጴዛውና ወንበሩ በአንድ ብረት ስለተበየዱ ማዞር አይቻልም፤ ስለዚህ የፊተኞቹ ሦስት ልጆች ወገባቸውን ጠምዝዘው ወደ ኋለኞቹ ይዞራሉ፤ ስድስት ሆኑ ማለት ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ የአንድ ሜትር ዱላ ጥላው 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በዚያው ሰዓት የባንዲራው ምሰሶ ጥላ 6 ሜትር ከ40 ሆኖ ተለካ፤ ምሰሶው ስንት ሜትር ነው?

ከስድስቱ አንዱ ሁለቱን ቁጥሮች ቶሎ ያባዛና “5 ነጥብ 12!” ይላል። ሁለቱ ይገለብጡታል። አንዱ መስኮቱን ያያል። ከኋላ ያለችው ልጅ ግን አልዋጥልሽ ብሏታል። “ቆይ እስቲ፣ ዱላው ከጥላው ይረዝማል አይደል? ታዲያ ምሰሶው እንዴት ከጥላው ያጥራል?” ዝም ይላሉ። ከዚያ ማካፈል እንደነበረባቸው ይገባቸውና 8 ሜትር ላይ ይደርሳሉ። ስለ ዘዴው የተጻፈው ሁሉ ተጨምቆ ቢወጣ ከዚህች ጥያቄ አያልፍም። መምህሩ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ሁሉም 8 ብለው ይጽፉ ነበር፤ ጥያቄዋ ግን አትነሳም ነበር።

ክርክሩ የተካሄደው በአማርኛ ነው። ሪፖርቱ ግን በእንግሊዝኛ ይቀርባል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እሱ ነውና። ስለዚህ ያቺ “ቆይ እስቲ” ያለችው ልጅ ዝም ትልና እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ ተነስቶ መልሱን ብቻ ያነባል። ሐሳቡ ዴስኩ ላይ ይቀራል። እኔ እንደሚመስለኝ የቡድን ሥራ በብዛት የሚከሽፈው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

ሰዓቱም አለ። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል አሥር ቡድን ይወጣዋል። እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢያቀርብ 30 ደቂቃ ሄደ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። መምህሩ ሁለት ቡድን ያስቀርብና የቀረውን “አሳይንመንት” ብሎ ወደ ቤት ይልከዋል። አሳይንመንቱ ደግሞ ምን እንደሚሆን በትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቃል፦ ቀለሜው ይሠራል፣ ጽሑፉ የሚያምረው ይገለብጣል፣ የተቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ፤ ማርኩን እኩል ይካፈላሉ።

ይህን ችግር ለመፍታት አንድ ሰሞን 1 ለ 5 የሚባል አደረጃጀት መጣ። ጎበዙ አምስት ልጆችን ይይዛል፣ ያስጠናል፣ ሪፖርት ያደርጋል። በሠራበት ቦታ ደካማ ልጅ አስነስቷል። ነገር ግን አደረጃጀቱ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ከነበረው ጋር አንድ ስም ስለያዘ ብዙ ሰው ከትምህርት ይልቅ ፖለቲካ ሸተተው። ቃለ ጉባኤው በዛ፣ ጥናቱ አነሰ። ዘዴውን ያደከመው ይኸው ይመስለኛል።

ከዚያ ቀደም ደግሞ ፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ነበር፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ይታዘቡኛል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሳተላይት ትምህርት መቀበል ጀመረ። የስክሪኑ መምህር ለግማሽ ሰዓት ያህል በእንግሊዝኛ ይንደቀደቃል፤ ለክፍሉ መምህር መግቢያና ማጠቃለያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ማንም ሳይመልስ “ቬሪ ጉድ!” ብሎ ያልፋል። ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይን ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ተማሪ ተኮር በሚለው ፖሊሲ ሥር ተማሪው እጁን አውጥቶ የማያስቆመው መምህር ማስገባት ግራ የሚያጋባ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው። በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው የኩረጃ ቁጥጥሩ ጠብቆ ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ውጤቱ የተሰማ ዕለት የደነገጠው ብዙ ነው። ቡድኑም፣ አሳይንመንቱም፣ ተከታታይ ምዘናውም ያስገኙት ማርክ ምን ያህል የልጁ የራሱ እንደነበር ታየ። የብዙ ወላጅ መልስ ግን ሌላ ነበር፦ አስጠኚ ቅጠሩ፣ የድሮ ፈተና አሠሩ፣ ኖት አጽፉልን። መምህሩም ይሰማል። የ12ኛ ክፍል ዴስኮች ላይ ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞር ተማሪ እየጠፋ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ ልጅ ለማስመዝገብ የሚዞር ወላጅ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለውን “ተማሪ ተኮር” የሚል ጽሑፍ ትቶ ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ያለፈው ዓመት የታረመ የቡድን ሥራ ያሳዩኝ ይበል፤ ጠርዙ ላይ የመምህር አስተያየት አለ ወይስ ከአሥር ስምንት ብቻ? ሁለተኛ፣ ቡድኑ ሲያቀርብ ማን እንደሚናገር የሚወስነው ማነው ይበል። መምህሩ “እኔ በድንገት እጠራለሁ፣ በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ቢጨርስም እቀበላለሁ” ካለ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ስድስቱም ልጆች መልሱ 8 ሜትር የሆነው ለምን እንደሆነ ማወቅ ግድ ይሆንባቸዋል።