የክሊዮፓትራ ልጆች

በሉቃስ ወንጌል የምናውቀው አውግስጦስ ቄሳር ገና ኦክታቪያን እየተባለ ሳለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 እስክንድርያን ያዘ። ንግሥት ክሊዮፓትራና ማርክ አንቶኒ ራሳቸውን ገደሉ፤ ልጆቻቸው ግን በሕይወት ነበሩ። በዚያ ዘመን የተሸነፈ ንጉሥ ልጅ ዕጣው የሚወሰነው ባጠፋው ሳይሆን በተሸከመው ስም ነው።

ከአራት ዓመት በፊት አንቶኒ በዚያችው ከተማ ሕዝብ ሰብስቦ ለልጆቹ አገር አከፋፍሎ ነበር። የስድስት ዓመቱ አሌክሳንደር ሄሊዮስ የሜዶን ልብስ ለብሶ፣ ቀጥ ያለ ረጅም ቆብ ደፍቶ ቀረበ። አርመንያና ሜዶን፣ ገና ድል ያልተደረገችው ጳርቴም ጭምር የእሱ ናቸው ተባለ። መንታ እኅቱ ክሊዮፓትራ ሴሌኔ ቀሬናን ስታገኝ፣ የሁለት ዓመቱ ፕቶሎሚ ሶርያ ደረሰችው። ሕፃን ላይ እንዲህ ያለ ስም መጫን ዒላማ ማድረግ ነው።

ከሁሉ የከፋው የትልቁ የቄሳርዮን ስም ነበር፤ የዩልዮስ ቄሳር ልጅ ይባላል። ኦክታቪያን የቄሳር ወራሽ የሆነው በጉዲፈቻ ስለነበር ይህ ልጅ እንዲኖር አልፈለገም። ፕሉታርክ እንደጻፈው እናቱ ብዙ ገንዘብ አስይዛ በኢትዮጵያ በኩል ወደ ህንድ ልካው ነበር (ግሪኮች ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን አገር ኢትዮጵያ ይሉት ነበር)። መምህሩ ሮዶን ግን «ኦክታቪያን ያነግሥሃል» ብሎ አሳምኖ መለሰው። በ17 ዓመቱ ገደማ ተገደለ።

አንቶኒ ከሌላ ሚስቱ የወለደው አንቲሉስም በመምህሩ በቴዎድሮስ ተላልፎ ተሰጠ። ወታደሮቹ አንገቱን ሲቀሉት መምህሩ ከአንገቱ የከበረ ድንጋይ ወስዶ በቀበቶው ውስጥ ሰፋ። አልወሰድኩም ብሎ ቢክድም ተደርሶበት ተሰቀለ።

መንትዮቹ ሮም ተወስደው ከእናታቸው ምስል ጋር በድል ሰልፍ ላይ ታዩ። ከዚያ ያሳደገቻቸው የኦክታቪያን እኅት ኦክታቪያ ናት፤ አንቶኒ ለእናታቸው ሲል የፈታት ሚስቱ! በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔ የማከብረው እሷን ነው።

ሴሌኔ ለዳግማዊ ዩባ ተዳረች። እሱም በሕፃንነቱ በዩልዮስ ቄሳር የድል ሰልፍ ላይ የታየ የንጉሥ ልጅ ነበር። ሁለቱ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ሸርሸል በምትባለው ከተማ ሆነው የጥንቷን ሞሪታኒያ ገዙ፤ ሳንቲማቸው ላይ የእሱ ስም በላቲን፣ የእሷ በግሪክ ተቀርጿል። ወንድሞቿን ኦክታቪያን ለሙሽሮቹ ሲል ማራቸው ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ስማቸውን የሚያነሣ የለም።

ሴሌኔ ልጇን ፕቶሎሚ አለችው። ከአባቱ በኋላ ነግሦ ሳለ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ40 ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ አስጠርቶ አስገደለው። ካሊጉላ ሴሌኔን ያሳደገቻት የኦክታቪያ የልጅ ልጅ ልጅ ነበር።