አደይን ጓሮ ውስጥ ለማቆየት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በመስከረም ቢጫ የሚለብሰው መስክ ሁሉ አደይ አይደለም። መጭም አለበት፤ የማሳው ኑግም ይከተላል። ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው።

አንድ አበባ የምንለው አደይ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ዳር ዳር ያሉት ቢጫ ቅጠሎች ንብ ይጠራሉ፤ ዘር የሚይዙት መሐል ላይ የታጨቁት ናቸው። ተክሉ ዘሩን ከጣለ በኋላ ደርቆ ያልቃል። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽና ለደመራ ሲቀጠፍ (ልጆቹን ማን ይከለክላል!) ጥቂት እግር ተዉ። ራሱ ሲደርቅ ዘሩን አራግፉ፤ ሰኔ ዝናቡ ሲይዝ በተኮተኮተ መሬት ላይ በትናችሁ አፈር በስሱ አልብሱት። ቀፎ ያላችሁ ደግሞ የአጥር ሥሩን አደይ አትጨዱ፤ ከክረምት በኋላ የሚቆረጠው ማር አንዱ ምንጭ እሱ ነው።